«ብረት አይደል? ምን ይሆናል?»

ብረት እየላጥኩ እንጀራዬን የምበላ የቶርኖ ባለሙያ ነኝ። የባቡር ጎማም በእጄ አልፏል። ይህ የታወቀ ዕለት ሰላም አጣሁ፤ ለቅሶ ቤት ብቀመጥ፣ ሰርግ ብጠራ፣ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ወደ እኔ ዞሮ ያችኑ ይደግማታል፦ «ጎማው ብረት አይደል? ብረት ምን ይሆናል?» እሷ ጋ ከመድረሴ በፊት ጥቃቅኖቹን ላራግፍ።

«በአፍሪካ የመጀመሪያው የከተማ ባቡር ነው።» አይደለም። የእኛው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የካይሮው ሜትሮ ሰው ማመላለስ ከጀመረ ወደ 28 ዓመት ተጠግቶት ነበር።

«የጅቡቲው ባቡር ቅጥያ ነው።» የሀዲዶቹ ስፋት አንድ ነው፣ 1,435 ሚሊ ሜትር። ዝምድናቸው እዚያው ላይ ያበቃል። የከተማው ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ የሚወስደው 750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው፤ የጅቡቲው 25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት። አንዱን በሌላው መስመር አስኬዳለሁ የሚል ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

«ከጎማው ሥር አሸዋ የሚፈስሰው ተበላሽቶ ነው።» ቀላል ባቡር ጎማውና ሀዲዱ እንዲያያዙ ሆን ብሎ አሸዋ ይረጫል። ጤነኛ ነው።

ወደ ብረቱ እንምጣ። የባቡር ጎማ ሀዲዱን የሚነካው የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ነው፤ ቶኖች የሚመዝን ጭነት የሚያርፈው በዚያች ላይ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ብረቱ ይታገሣል። ኩርባ ላይ ግን ጎማው ከሀዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው የውስጥ ጠርዝ ከሀዲዱ ጎን ጋር ይፋጫል። ባቡሩ ሲታጠፍ የሚጮኽበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። «ዘይት አጥቶ ነው» የሚሉኝም አሉ። ለጠርዙ ቅባት ይደረግለታል፤ የሚንከባለልበትን ፊት ዘይት ከነካው ግን ፍሬኑ ምን ሊይዝ ነው?

ጠርዙ ሲሳሳ ጎማው ወደ ቶርኖ ይመጣና ቅርጹ እስኪመለስ ዙሪያውን ይላጣል። የተበላው አንዱ ብቻ ቢሆንም በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ባልንጀራው አብሮ ይላጣል፤ የሁለቱ ዲያሜትር መበላለጥ የለበትምና። ጤነኛው የበሽተኛውን ዕዳ ይከፍላል። ለዚህ መላጥ ደግሞ ወሰን አለው፤ ጎማው ከተወሰነ ልክ በታች ከቀጠነ ያለው አማራጭ አዲስ መግዛት ነው፣ እሱም በውጭ ምንዛሪ። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመው የከረሙበትን ጊዜ ሰው «መብራት ጠፍቶ ነው» ብሎ ያልፈዋል። መብራት ይጠፋል፣ አልክድም። ግን መብራት ሲመጣ ባቡሩ ይነሳል፤ ያለቀ ጎማ በምን ይነሳል? በ2፣ በ4 እና በ6 ብር ቲኬት የተጀመረ አገልግሎት ከኪሱ አውጥቶ ይገዛዋል ብሎ የሚያስብም የቶርኖ ቤት ዋጋ ጠይቆ የማያውቅ ነው።

«ሹፌሩ ካየኝ ያቆምልኛል» ባዮቹም ከዚሁ ጎማ አይርቁም። ብረት በብረት ላይ ሲሄድ እንደ ሚኒባስ ጎማ አስፋልት አይነክስም። ባቡር ዞር የሚልበት መሪም የለውም። ድንገት ፍሬን ተይዞ ጎማው ሳይሽከረከር ከተንሸራተተ፣ ሀዲዱን የነካው ወገን ይፋቅና ጠፍጣፋ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በየዙሩ ሀዲዱን እንደ መዶሻ ይቀጠቅጣል፤ ንዝረቱ ለኩሽኔታውም ይተርፋል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጎማ መጣልኝ። አጥር ዘሎ የገባ ጎረምሳ ለማዳን ፍሬን ተይዞ ነው አሉ። ጠፍጣፋው ቦታ በዓይን እምብዛም አይታይም፤ እሱን ለማጥፋት ግን ምንም ያልሆነውን ዙሪያ ሁሉ መላጥ ነበረብኝ። ጎረምሳው ያተረፈው እስከ መሻገሪያው የሚያስኬደውን የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። እባካችሁ በመሻገሪያው ተሻገሩ፤ ሁለቱንም አቅጣጫ እዩ፣ አንዱ ባቡር ሲያልፍ ከጀርባው ሌላው ሊመጣ ይችላል። ረጅም ብረት ወይም ቧንቧ ተሸክማችሁ ከሆነም ወደ ሽቦው ቀና አታድርጉት።

ባለፈው እሑድ ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ አስረዳሁት። ሦስተኛውን ቡና ጨርሶ ስኒውን አስቀመጠና፣ «ታዲያ ለምን ጠንከር ያለ ብረት አያደርጉትም?» አለኝ። ብረት በጠነከረ ቁጥር መሰንጠቅ ይቀናዋል አልኩት፤ ቀስ እያለ የሚያልቅ ጎማ አለ፣ ሳይታሰብ የሚሰነጠቅ ጎማ አለ፣ አንተ በየትኛው ትሳፈራለህ?