የአደባባይ ጥበብ፦ ከተማን ቀና ብሎ ማየት

የአደባባይ ጥበብ ትኬት ሳይቆረጥለት፣ በር ሳይንኳኳ የሚታይ ሥራ ነው። ሐውልት፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ የግድግዳ ሥዕል፣ ሞዛይክ፣ ፏፏቴም ሊሆን ይችላል። ብዙዎቻችን በየቀኑ በአጠገቡ እናልፋለን። ቆም ብሎ የሚያየው ግን ጥቂት ነው።

ፍለጋውን የሚያቀልል አንድ ነገር አለ፤ ማን ከፍሎ እንዳሠራው ማወቅ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1951 ከትምህርት ቤት ግንባታ ወጪ 1 በመቶው ለጥበብ እንዲውል ደነገገች። በ1959 ደግሞ ፊላዴልፊያ ከአሜሪካ ከተሞች ቀድማ ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ በብዙ ከተሞች ተዛምቷል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሕግ ባለበት ከተማ ፍርድ ቤቱን፣ ላይብረሪውን፣ የትምህርት ቤቱን ግቢ አይለፏቸው። አንዳንዱ ሥራ ደረጃው ሥር ተደብቆ ይገኛል።

ባቡር ጣቢያም አይናቅ። የስቶክሆልም የምድር ውስጥ ባቡር 100 ጣቢያዎች አሉት፤ ከ90 በላይ የሚሆኑት በጥበብ ያጌጡ ናቸው። እኔን በጣም የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በ1975 የተከፈተው ሶልና ሴንትሩም የተባለው ጣቢያ ነው። ዋሻው አልተለሰነም። ሻካራው አለት እንዳለ ደማቅ ቀይ ሰማይ ሆኗል። ከሥሩ አረንጓዴ የጥድ ጫካ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ጠጋ ብሎ ላየው በጫካው ውስጥ የሚቆረጥ ዛፍና ባዶ እየቀረ ያለ ገጠር አለ። ይህን ለማየት አንድ ባቡር ማሳለፍ ግድ ነው፤ ደግሞም ያዋጣል።

የግድግዳ ሥዕል ግን ብዙ ጊዜ ከዋና መንገድ ወጣ ብሎ ነው የሚገኘው፤ መስኮት በሌለው የሕንፃ ጎን፣ በመኪና ማቆሚያ ጀርባ። የፊላዴልፊያ የግድግዳ ሥዕል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ግራፊቲን ለመከላከል ነበር። በየግድግዳው ይሞነጫጭሩ የነበሩ ወጣቶች ብሩሽ ተሰጣቸው። ዛሬ ከተማዋ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች አሏት።

ሥራው ሲገኝ አጠገቡ የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ ማንበብ ጥሩ ነው። ከዚያ ደግሞ በሌላ ሰዓት ተመልሶ ማየት። የጠዋት ፀሐይ ያወጣውን የነሐስ ፊት የማታ ጥላ ይለውጠዋል።

ሁሉም ሥራ ግን ከሰፈሩ ጋር አይስማማም። አሜሪካዊው ቀራፂ ሪቻርድ ሴራ እ.ኤ.አ. በ1981 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ አደባባይ ላይ ያቆመው ጠማማ የብረት ግድግዳ 36 ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። እዚያ የሚሠሩ ሰዎች መንገዳችንን ዘጋብን አሉ። ከረጅም ሙግት በኋላ በ1989 ተነሳ። ቺካጎ ውስጥም የፒካሶ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲገለጥ ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ግራ ገብቶት አጉረምርሟል። ሠዓሊው ክፍያ አልፈልግም ብሎ ለከተማው ሕዝብ በስጦታ የሰጠው ሥራ ነው፤ ስም እንኳ አላወጣለትም። 15 ሜትር የሚረዝመው ብረት አሁንም እዚያው ቆሟል። ልጆች በተንጋደደው መሠረቱ ላይ ወጥተው ይንሸራተቱበታል።