ጎርፍ እቁብ አይደለም

«የሃምሳ ዓመቱ ጎርፍ አልፏል፤ ከእንግዲህ የሚያዩት ልጆቻችን ናቸው።» ይህን አባባል በሰሜን ወሎ ቆላ ስንት ስብሰባ ላይ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ከአርሶ አደር ስሰማው ቁጭ ብዬ አስረዳለሁ። ከኃላፊ፣ ይባስ ብሎም ከተማረ ባለሙያ ስሰማው ግን እናደዳለሁ፤ በዚህ አንድ ስሕተት ተማምኖ ሰው ቤቱን ወንዝ ዳር ይሠራልና። በመንግሥት የውሃ መሥሪያ ቤት የሃይድሮሊክ መሐንዲስ ሆኜ ስሠራ የሚገጥሙኝ ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶችም አሉ። እነሱን ባጭሩ ላንሳና ወደዚህኛው እመለሳለሁ።

«መሐንዲስ ከሆንህ የቤቴን ፕላን ሥራልኝ።» የእኔ ሙያ ወንዝ፣ ቦይ፣ ቧንቧና ግድብ ነው። ለቤትዎ የሕንፃ ባለሙያ ይፈልጉ።

«የመንግሥት መሐንዲስ ቢሮ ተቀምጦ ክፍያ ያጸድቃል።» ክፍያ የሚያጸድቀው ቦዩን በእግር ተጉዞ፣ የተቆፈረውን በሜትር ኩብ ለክቶ ነው። ሳይለካ የሚፈርም ካለ ሥራውን አልሠራም።

«ወሎ ዝናብ የለውም።» የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ በወሎ ስም ላይ ስለተለጠፈ ብዙ ሰው ምድሩን በሙሉ በረሃ አድርጎ ያስበዋል። ኮምቦልቻ በዓመት ወደ 1,000 ሚሊሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ለንደን የምታገኘው ወደ 600 ነው። የእኛ ጭንቅ ጊዜው ነው። ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ በልጉ አንድ ዓመት ይመጣል፣ ሌላ ዓመት ይቀራል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ውስጥ 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰው፣ አንድ አምስተኛው ቢባክንበት እንኳ በዓመት 32,000 ሊትር ያህል ውሃ ከጣሪያው ላይ ይወርድለታል። አሸንዳ ያስገጥም።

«ጉድጓድ በጠለቀ ቁጥር ውሃው ይበዛል።» በደጋው ባዛልት ዐለት ውሃ የሚገኘው በስንጥቁና በተፈረፈረው ንብርብር ውስጥ ነው፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ስንጥቁ ይጠብባል። የቆቦ ሜዳ በደለል የተሞላ በመሆኑ ጠባዩ ሌላ ነው። የጉድጓድ ቦታ በጂኦሎጂ ጥናት ይመረጣል እንጂ በኮሚቴ እጅ በማውጣት አይመረጥም።

«ሲሚንቶ ጨምሩበት፣ ግድግዳው ይወፍር።» የወንዝ ጠለፋ ግድብ፣ ማለትም የወንዙን ውሃ ወደ መስኖ ቦይ የሚያዞር ግድብ፣ ሲፈርስ አይቻለሁ፤ ያየኋቸው ሁሉ የወደቁት ከመሠረታቸው ነው። ጎርፉ ከግድቡ አናት ላይ ሲወድቅ ከበታቹ ያለውን አሸዋና ጠጠር እየቦረቦረ ያወጣል፤ በመሠረቱ ሥር ሰርጎ የሚያልፈው ውሃም አፈሩን በጥቂት በጥቂቱ ይዞት ይሄዳል። ውሃው በታችኛው በኩል ደፍርሶ ሲመነጭ ካያችሁ ዛሬውኑ ሪፖርት አድርጉ። ገንዘቡ መዋል ያለበት ወደ መሬት ጠልቆ በሚወርደው ግድግዳና የጎርፉን ጉልበት በሚያበርደው ወለል ላይ ነው። ሁለቱም ከተሠሩ በኋላ ስለማይታዩ ለምረቃ ቀን አይመቹም፤ ግድቡን የሚያቆዩት ግን እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ሃምሳ ዓመቱ። የጥፋቱ ምንጭ ስያሜው ነው፤ ስያሜውን ይዘን ገጠር የገባነውም እኛ መሐንዲሶች ነን። «የሃምሳ ዓመት ጎርፍ» ማለት በየትኛውም ዓመት የመድረስ ወይም የመብለጥ ዕድሉ ከሃምሳ አንድ፣ ማለትም 2 በመቶ የሆነ ጎርፍ ነው። ቀጠሮ የለውም። ትናንት መጥቶ ነበር ብሎ ዛሬ አይቀርም።

በቆቦ ሜዳ በአንድ ደረቅ ወንዝ ላይ የጠለፋ ግድብ ሠርተን ነበር። በሁለተኛው ክረምት፣ ሰነዳችን ላይ የሃምሳ ዓመት ብለን ከጻፍነው ከፍታ ያለፈ ጎርፍ መጣ። ግድቡ ተረፈ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰዉ ትልቁን ስላየ ተረጋጋና ሽንኩርቱንም፣ የውሃ መሳቢያ ሞተሩንም ወደ ወንዙ ዳር አወረደ። ተው ስል አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ በሃምሳ ዓመት አንዴ ያልኸን አንተው አይደለህም እንዴ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ እቁብ ገብተው ያውቃሉ?» አልኋቸው። በእቁብ ዕጣው የወጣለት ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ድጋሚ አይወጣለትም። ሰዎች ጎርፉንም እንዲሁ ነው የሚያስቡት፤ ወጥቶለታል፣ ዙሩን ይጠብቃል ብለው። ጎርፍ ግን የወጣውን ዕጣ ወደ መሶቡ ይመልሰዋል። በየክረምቱ ሃምሳው ዕጣ እንደገና ሙሉ ነው፤ ክፉዋም ዕጣ ውስጡ አለች። በዚህ ስሌት በ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመውጣት ዕድሏ 18 በመቶ፣ በ25 ዓመት 40 በመቶ፣ በ50 ዓመት 64 በመቶ ነው። ስለዚህ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ላትመጣም ትችላለች፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜም ልትመጣ ትችላለች። ሽማግሌው ዝም ብለው ሰሙኝና የራሳቸውን ሽንኩርት አነሡ። ሌላው አላነሣም። በቀጣዩ ክረምት የዚያኑ ያህል ሌላ ጎርፍ መጣ፣ ሞተሩንም ወሰደው።

ሒሳብ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያስቆመኝ ይገባል። እውነተኛ የሃምሳ ዓመት ጎርፍ በተወሰኑ ሁለት ተከታታይ ክረምቶች የመምጣቱ ዕድል ከ2,500 አንድ ብቻ ነው። ያ ከመሆኑ ይልቅ ከመጀመሪያውም ግምታችን ዝቅ ብሎ ነበር ማለት ይቀላል። ዝቅ ያለበትን ምክንያት ደግሞ አውቀዋለሁ። በወንዝ መለኪያ ጣቢያዎቻችን የውሃው ከፍታ የሚነበበው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ነው። ያነባቢዋ መዝገብ ንጹሕ ነው፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሴንቲሜትሩ፣ ፊርማው። የቆላ ጎርፍ ግን ደጋው ላይ ከሰዓት በኋላ የዘነበው ተሰብስቦ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ይደርስና ሳይነጋ ያልፋል። መዝገቡ ላይ ማታ 40 ሴንቲሜትር፣ ጠዋት 60 ሴንቲሜትር ተጽፎ ይገኛል፤ በመካከላቸው ድንጋይ ሲያንከባልል ያደረው ውሃ የለም። እኛ ደግሞ ያችኑ የጥቂት ዓመታት መዝገብ ይዘን የሃምሳ ዓመቱን እናሰላለን።

ስለዚህ ከጎርፍ ማግስት ጠዋት ቢሮ ውስጥ የሚቀመጥ የውሃ መሐንዲስ አይገባኝም። ምልክቱ ያለው ወንዙ ላይ ነው፤ ግራር ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለ የአገዳ ቅጠልና ሣር፣ የግድቡ ክንፍ ግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር። የሁለቱን ዳርቻ ምልክት ሌቭል በሚባለው የከፍታ መለኪያ መሣሪያ ለክተን፣ የወንዙን ጥልቀትና ወርድ፣ ቁልቁለቱንና የወለሉን ሸካራነት ይዘን፣ የወንዝን ፍሰት በሚያሰላው የማኒንግ ቀመር ሌሊት ያለፈውን ውሃ መጠን እንገምታለን። የሚቀጥለው ዝናብ ሣሩን ካወረደው፣ ከብት ከበላው ግን አለቀ።

ወንዝ ዳር የምትኖሩ ሁሉ በዚህ ልታግዙን ትችላላችሁ። ጎርፉ እንደጎደለ የደረሰበትን ከፍታ ዛፍ ላይ በምስማር፣ ግድግዳ ላይ በቀለም አስምሩ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ የውሃ ባለሙያ ሲመጣ አሳዩት። ደረቅ ወንዝ ውስጥና ከዚያ ምልክት በታች ቤት አትሥሩ፣ ሞተር አታሳድሩ።

ያን ጊዜ ሽንኩርታቸውን ያነሡት ሽማግሌ ይህን ከሁላችን ቀድመው ጀመሩት። ከግድቡ በላይ ባለችው ግራር ላይ አሁን አራት ምስማር ተመትቷል። ሁለቱ ላይኞቹ የእነዚያ የሁለቱ ተከታታይ ክረምቶች ናቸው፤ በመካከላቸው አራት ጣት አይገባም።