«በዘር የሚለያይ የመድኃኒት ውጤት» ምንድን ነው?

«የክብደት መቀነሻው መርፌ የተሠራው ለነጭ ነው፤ ሌላው ላይ ይደክማል» የሚል ክርክር ደጋግሞ ይሰማል። ማስረጃ ሆነው የሚቀርቡት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመው ትልቁ የሴማግሉታይድ (የመርፌው መድኃኒት) ሙከራ ተሳታፊዎቹ፣ ሦስት አራተኛው ነጮች፣ በ68 ሳምንት በአማካይ ከክብደታቸው 14.9 በመቶ ቀነሱ። በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ በተካሄደው ግን 13.2 በመቶ። በሁለቱም መጠኑ በሳምንት 2.4 ሚሊግራም ነው። «ይኸው፣ እስያውያን ላይ አነሰ» ይላል ተከራካሪው።

ማን ላይ እንደተለካ ግን አላየም። በመጀመሪያው ሙከራ ከአራት ሰው ሦስቱ ሴቶች ነበሩ፤ የስኳር ሕመምተኛ አልገባበትም። በምሥራቅ እስያው ከግማሽ በላይ ወንዶች ነበሩ፤ ሩብ ያህሉም ስኳር ነበረባቸው። በዚህ መድኃኒት ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይቀንሳሉ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ያነሰ ይቀንሳል፦ የዓይነት 2 ስኳር ሕመምተኞች ብቻ በተካተቱበት ሙከራ በዚያው መጠን የተገኘው 9.6 በመቶ ነው። ውጤቱ በዘር ይለያያል ለማለት፣ በአንድ ሙከራ ውስጥ መድኃኒቱን በወሰዱትና መድኃኒት የሌለበት የማወዳደሪያ መርፌ በተወጉት መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ከቡድን ቡድን መለያየት አለበት። የሁለት ሙከራዎችን አማካይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይህን አያሳይም።

ሁለት ቤት ከአንድ ጆንያ ጤፍ ተካፍለው ጋገሩ እንበል። የአንዱ እንጀራ ዓይን አወጣ፣ የሌላው ድፍን ሆነ። «ጤፉ ለዚያ ቤት አይስማማውም» የሚል ጋጋሪ የለም። ሊጡ ስንት ቀን ቦካ? አብሲት ገባበት? ምጣዱ ግሏል? ተብሎ ይጠየቃል። ጾታ፣ ስኳርና መነሻ ክብደት ምጣዱ ናቸው፤ የመጠን አጨማመሩ ደግሞ ቡኮው ነው። በ0.25 ሚሊግራም ተጀምሮ በየ4 ሳምንቱ ወደ 0.5፣ 1፣ 1.7 ከፍ እያለ 2.4 የሚደረሰው በ17ኛው ሳምንት ነው። በስምንተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» የሚል ሰው ገና 0.5 ላይ ነው፤ ሊጡ ሳይቦካ ጋግሯል።

ሴማግሉታይድ እንደ ፕሮቲን ተቆራርጦ ስለሚፈርስ በጉበት የመድኃኒት ኢንዛይሞች ላይ አይመካም። በደም ውስጥ ያለውን መጠኑን በዋናነት የሚለውጠው የሰውነት ክብደት ነው።

ሁሉም የክብደት መድኃኒት ግን እንዲህ አይደለም። ናልትሬክሶን ከቡፕሮፒዮን ጋር ያለበት ክኒን ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለውን፣ ብዙ መድኃኒቶችን የሚያፈርስ የጉበት ኢንዛይም ያግዳል። በ1990ዎቹ በተደረገ ጥናት ኢንዛይሙን የሚሠራው ጂን ትርፍ ቅጂ 29 በመቶ ኢትዮጵያውያን ላይ ተገኝቷል፤ በሰሜን አውሮፓ ጥቂት ሰው ብቻ ነው ያለው። ለደም ግፊት በዚሁ ኢንዛይም የሚፈርሰውን ሜቶፕሮሎል የሚወስድ ሰው ክኒኑን ሲጨምር ሜቶፕሮሎሉ በደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ የልብ ምቱ መከታተል አለበት። በቅጽ ላይ «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ይህን የጂን ልዩነት አያሳይም፤ ኢትዮጵያዊውንና ናይጄሪያዊውን አንድ ላይ ይጨምራቸዋል።

ማስረጃው ላይ ያለው እውነተኛ ክፍተት ሌላ ነው። በትልቁ ሙከራ ከ1,961 ሰዎች ጥቁሮቹ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል ጥቂት ሰው ላይ የተለካ አማካይ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። መለኪያው ላላ ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ደከመ ማለት አይደለም።

የዘር ሐረግ በትክክል የሚገባበት ቦታ የመጀመሪያው በር፣ መድኃኒቱ ለማን ይታዘዝ የሚለው ነው። ስኳር በእስያውያንና በጥቁሮች ላይ ባነሰ ክብደት ስለሚመጣ፣ በእንግሊዝ መመሪያ የቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት አንጻር የሚለካበት ቁጥር) መስፈርቱ ለእነዚህ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ በ2.5 ይቀነሳል፤ 35 የሚለው 32.5 ይሆናል። ለንደን ያለ ቢኤምአዩ 33 የሆነ ኢትዮጵያዊ «አልደረስክም» ከተባለ፣ የታየለት የትኛው መስፈርት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ።