በአዲስ አበባ ዙሪያ የክረምት መውጫ ዓሣ ማጥመድ

አዲስ አበባ ሐይቅ የላትም። ዓሣ ማጥመድ ያማረው ነዋሪ ከከተማዋ መውጣት ግድ ይለዋል። በስተ ምዕራብ ያለው ገፈርሳ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ለመዝናኛ አልተሠራም። ከአቃቂ በታች ያለው አባ ሳሙኤል ከጣሊያን የመጣው ካርፕ የተባለ ዓሣ ቀደም ብሎ የተለቀቀበት ግድብ ቢሆንም፣ ዛሬ የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ የሚያራግፍበትና እምቦጭ የወረረው ውሃ ነው። ከዚያ የወጣ ዓሣ እኔ ለማንም አልመክርም። ስለዚህ የሚሻለው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ቢሾፍቱ መድረስ ነው።

ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ናቸው። ስፋታቸው ትንሽ፣ ጥልቀታቸው ግን የሚያስገርም ነው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ወደ 87 ሜትር ይጠልቃል። ይህ ጥልቀት አጥማጁን ሊያሳስተው አይገባም። በሰሜን አሜሪካው ኦንታሪዮ ሐይቅ በበጋቸው ማብቂያ ሳልመን ፍለጋ የሚወጡ ሰዎች በምትሄድ ጀልባ ኋላ የሚያብረቀርቅ ማታለያ ወደ ቀዝቃዛው ጥልቅ ውሃ አውርደው ይጎትታሉ፤ ሳልመን ትንንሽ ዓሦችን አሳዶ የሚበላ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ነውና። ቢሾፍቱ ላይ ያንን መሞከር ድካም ብቻ ነው። ከላይኛው ጥቂት ሜትር በታች ኦክስጅን እጅግ ስለሚያንስ ዓሣው ወደ ላይ ቀርቦ ይኖራል። ዋናው ዓሣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ደግሞ ባብዛኛው የሚበላው ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ብረት ብዙም አያባብለውም። ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክር፣ የሊጥ እንክብል ወይም የምድር ትል ይበቃዋል። እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምትጠብቅ እናት ከተያዘች መልሶ መልቀቅ ተገቢ ነው። አምባዛ ለማታ የሚተው ነው፤ ሥጋም ጭምር ያገኘውን የሚበላ ስለሆነ ሽታ ያለው ማጥመጃ ይሻላል።

ነሐሴ ላይ ዝናቡና ጎርፉ ያስቸግራሉ፤ ገበያው ግን ይደራል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ባያልቅም፣ በፍልሰታ የዓሣ ጥብስና የዓሣ ጉላሽ ፈላጊው ብዙ ነው። መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል፤ የኢሬቻ በዓል በሚከበርበት ሰሞን ግን የሆራ ዳርቻ በሰው ስለሚሞላ ባቦጋያ ይመረጣል። ከኅዳር በኋላ የሌሊቱ ብርድ የላይኛውን ውሃ አቀዝቅዞ ከታችኛው ጋር ያደባልቀዋል። ኦክስጅን አልባው ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ ዓሣ በብዛት ሞቶ የሚንሳፈፍበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ያለውን ዓሣ ለቅሞ መሸጥም መግዛትም አይገባም።