በሰርቫይቫል ጌም ውስጥ ቤዝን ማስዋብ

ሰርቫይቫል ጌም፣ ማለትም በሕይወት ለመትረፍ የሚታገሉበት የቪዲዮ ጨዋታ፣ ሲጀመር ተጫዋቹ ባዶ እጁን ነው። እንጨት ይቆርጣል፣ ድንጋይ ይፈልጣል፣ የሚበላ ይፈልጋል፣ ሳይመሽም የሚያድርበት ጎጆ ይቀልሳል። ይህ ማደሪያ በተጫዋቾች አነጋገር ቤዝ ይባላል። የተሰበሰበው ንብረት የሚቀመጠው እዚያ ነው። መሣሪያ የሚሠራው እዚያ ነው። ብዙ ጊዜም ተጫዋቹ ከሞተ በኋላ የሚነሳው እዚያው አልጋው ላይ ነው። ረሃቡና ጭራቁ ጋብ ሲልለት ደግሞ ሌላ ሥራ ይመጣል፦ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ፋኖስ መስቀል፣ ግድግዳውን ማስዋብ።

ብዙ ሰው ይህን ከዋናው ጨዋታ ውጪ ያለ የትርፍ ጊዜ ሥራ አድርጎ ያየዋል። በዚህ አልስማማም። በደንብ በተሠሩት ጌሞች ውስጥ ጌጥና በሕይወት መትረፍ አብረው የተገመዱ ናቸው። መብራቱ ጭራቅ ያስቀራል፣ ወንበሩ ጉልበት ይጨምራል፣ መስኮቱ ደግሞ ቤቱን በውኃ ሊያስሞላ ይችላል። ያማረ ቤዝ የሚወጣውም የጌሙን ሕግ ጠንቅቆ ካወቀ ሰው እጅ ነው።

መነሻው

ለዚህ ልማድ ትልቁን በር የከፈተው ማይንክራፍት ነው። ለሕዝብ የቀረበው በ2009 እ.ኤ.አ. ሲሆን ሙሉ እትሙ በ2011 ወጣ። ዓለሙ አንድ ሜትር ስፋት፣ አንድ ሜትር ቁመት ባላቸው ብሎኮች የተገነባ ነው። ተጫዋቹ ተራራውን ፈልጦ ያንኑ ድንጋይ ግድግዳ ያደርገዋል። ቴራሪያም በዚያው በ2011 ወጣ፤ እሱ ዓለሙን ከጎን የሚያሳይ ነው። ኖ ማንስ ስካይ በ2016 ሲወጣ ቤት መሥራት ጨርሶ አልነበረውም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በአፕዴት ተጨመረለት። ቫልሃይም በ2021፣ ኢንሽራውድድ በ2024 ሲመጡ ግን ቤት ማሳመር ከመጀመሪያው ቀን የጨዋታው አንድ ምሰሶ ነበር።

መብራት

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰካው ጌጥ ችቦ ነው። በማይንክራፍት ብርሃን ከ0 እስከ 15 ይለካል። ችቦ 14 ይሰጣል፤ አንድ ብሎክ በራቅን ቁጥር በ1 እየቀነሰ ይሄዳል። እስከ 2021 ድረስ ብርሃኑ 7ና ከዚያ በታች በሆነበት ቦታ ሁሉ ጭራቅ ይፈጠር ነበር። የገዛ መኝታ ቤታችንም ቢሆን አይቀርለትም። ስለዚህ ሰው ወለሉንም ግቢውንም ጣሪያውንም በችቦ ይሞላው ነበር። ቤቱ ከጭራቅ ይድናል፤ ውበቱ ግን ይጠፋል።

በ2021 መጨረሻ የወጣው 1.18 እትም ይህን ሕግ ቀየረው። ከዚያ ወዲህ በተራው ዓለም ጭራቅ የሚፈጠረው ብርሃኑ 0 በሆነበት ብቻ ነው። ለውጡ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ለቤት አስዋቢ ግን በጣም ትልቅ ነገር ነው። ደብዘዝ ያለ ክፍል መሥራት ተቻለ። አንድ ፋኖስ ጥግ ላይ ሰቅሎ የቀረውን ለጥላ መተው ተቻለ።

መብራትን መደበቅም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ግሎውስቶን የሚባለው ብሎክ ሙሉውን 15 ይሰጣል፤ ሲያዩት ግን እምብዛም አያምርም። ስለዚህ ወለሉ ውስጥ ይቀበርና ምንጣፍ ይነጠፍበታል። ብርሃኑ ምንጣፉን አልፎ ይወጣል፣ ከየት እንደመጣ ግን አይታወቅም። ቤቱን በአጭር ጊዜ መለወጥ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር ጥሩ ነው እላለሁ። በየቦታው የተሰካውን ችቦ ይንቀልና መብራቱን ይደብቀው። ሌላ ምንም ሳይነካ ክፍሉ ሌላ ይሆናል።

እሳትና ጭስ

ምድጃ የሌለው ቤዝ ቀዝቃዛ ነው። ነገር ግን እሳት ላይ መጠንቀቅ ያሻል። በማይንክራፍት ተራ እሳትና ላቫ እንጨት አጠገብ ከሆኑ ቤቱን ያቃጥሉታል። በእንጨት ቤት ውስጥ ቆንጆ የእሳት ቦታ ሠርቶ፣ ከማዕድን ፍለጋ ሲመለስ ዐመድ ብቻ የጠበቀው ተጫዋች ብዙ ነው። በ2019 በ1.14 እትም የመጣው ካምፕፋየር ይህን ችግር አቃለለው። እሳቱ ወደ ሌላ ብሎክ አይዛመትም። ጭሱ 10 ብሎክ ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ከሥሩ የድርቆሽ ብሎክ ከተደረገለት ደግሞ እስከ 24 ይደርሳል። ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ደብቆ የሚያስቀምጠው ሰው ቤቱን ከሩቅ ጭሱን አይቶ ያገኘዋል። ጌጥም ነው፣ የመንገድ ምልክትም ነው።

ቫልሃይም እሳትን ከዚህ በላይ ያከብደዋል። እዚያ ጭሱ እውነተኛ ነገር ነው፤ ከጣሪያ ሥር ይጠራቀማል፣ መውጫ ካጣም ተጫዋቹን ይጎዳዋል። ያለ እሳት ደግሞ አልጋው አያስተኛም። ስለዚህ እሳት የግድ ነው፣ ጭስ መውጫም የግድ ነው። ጣሪያው ጫፍ ላይ ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱ ዝናብ እንዳያስገባ ከላዩ ትንሽ ሁለተኛ ጣሪያ ይሠራለታል። ዝናብ ያልተሸፈነ እንጨትን ስለሚያበላሽ ይህቺ ትንሽ ጣሪያ ቀልድ አይደለችም። በብዙ የቫልሃይም ቤቶች ላይ የምናያት ከፍ ያለች የጣሪያ ቆብ የመጣችው ከዚህ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ጌጥ ከሁሉ አብልጬ እወዳለሁ። የተሠራው ለሥራ ነው፤ ቤቱን የሚያሳምረውም እሱው ነው።

ምቾት ዋጋ ሲኖረው

ቫልሃይም ጌጥን በቁጥር የሚከፍል ጌም ነው። እያንዳንዱ ቤት የምቾት ደረጃ አለው። አልጋ፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ምንጣፍ፣ የግድግዳ ባንዲራ ሁሉም ደረጃውን ከፍ ያደርጉታል። ተጫዋቹ እሳት ዳር አረፍ ሲል የእረፍት ኃይል ያገኛል። ኃይሉ ለ7 ደቂቃ ይቆያል፤ በእያንዳንዱ የምቾት ደረጃ ደግሞ 1 ደቂቃ ይጨመርበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጉልበቱ ቶሎ ይመለሳል፣ ክህሎቱም ከወትሮው 50 በመቶ ፈጥኖ ያድጋል። ስለዚህ ለትልቅ ውጊያ የሚዘጋጅ ሰው ምንጣፍ ሲያነጥፍ ብናየው ጊዜውን እያባከነ አይደለም።

አንድ ብልጠት ግን አለ። ከአንድ ዓይነት ዕቃ የሚቆጠረው የተሻለው አንዱ ብቻ ነው። ክፍሉን በአሥር ወንበር ብንሞላው የአንዱን ያህል ነው የሚከፍለን። ርቀትም ይታያል፤ ከተጫዋቹ በ10 ሜትር ውስጥ ያለው ብቻ ይቆጠራል። ይህ ሕግ ሰውን ወደ ትንሽ፣ ሙሉ ክፍል ይገፋዋል። ጥሩ አድርጓል። ባዶ አዳራሽ የጀማሪ ሁሉ ፈተና ነው። ግድግዳውን አርዝሞ፣ ጣሪያውን ሰቅሎ፣ ውስጡን የሚሞላው ነገር ያጣል።

ቴራሪያ ደግሞ ዕቃውን ለነዋሪ ይጠይቃል። ነጋዴውና ነርሷ መጥተው እንዲኖሩ ቤቱ ከነግድግዳው ቢያንስ 60 ብሎክ የሚያህል ቦታ መያዝ አለበት። የጀርባ ግድግዳ፣ መግቢያ፣ መብራት፣ ጠረጴዛና ወንበርም ይፈለጋል። አንዱ ከጎደለ ማንም አይገባም። ከ2020ው ትልቅ አፕዴት ወዲህ ነዋሪዎቹ የሚወዱት ጎረቤትና አካባቢ አላቸው፤ ከተደሰቱ ዋጋ ይቀንሳሉ። ቸኩሎ ሁሉንም በሣጥን መሰል ክፍል ውስጥ አጭቆ የነበረ ሰው መንደሩን እንደገና ለመሥራት ተገደደ።

ውኃ ሥር

ሰብናውቲካ በተባለው ጌም ላይ ቤዙ ያለው ባሕር ውስጥ ነው። ሙሉ እትሙ በ2018 ወጣ። እዚህ ትልቁ ጌጥ መስኮት ነው፤ ዓሦቹ፣ የሚያበሩት ዕፅዋት፣ ከሩቅ የሚሰማው ግዙፍ ፍጥረት ሁሉም ከመስታወቱ ማዶ ናቸው። ችግሩ፣ መስታወት የቤዙን ጥንካሬ ይቀንሳል። ጥልቀቱ ሲጨምር ጉዳቱም ይጨምራል። ጥንካሬው ከዜሮ በታች ከወረደ ግድግዳው ይሸነቆርና ውኃው ይገባል። መስኮት ያበዛ ሰው በብረት ማጠናከሪያ መካስ አለበት። የሚሰቀሉት ፖስተሮች ደግሞ ተጫዋቹ የሚሠራቸው አይደሉም፤ ከተከሰከሰችው የጠፈር መርከብ ስብርባሪ ውስጥ ተፈልገው ነው የሚመጡት።

ቅርጽና ዕቃ

ከጌም ጌም የማይለወጡ ጥቂት የእጅ ሥራ ነገሮች አሉ። አንደኛው ቁሳቁስ አለማብዛት ነው። አንድ ዋና ድንጋይ፣ አንድ እንጨት፣ ለጠርዝ የሚሆን አንድ ሌላ፣ ለቤት ይበቃሉ። ያገኙትን ሁሉ ግድግዳው ላይ መለጠፍ ቤቱን መጋዘን ያስመስለዋል። ሌላው ጥልቀት ነው። ምሰሶዎቹን ከግድግዳው አንድ ብሎክ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ጣሪያውን ከግድግዳው ማሳለፍ፣ መስኮቱን ወደ ውስጥ ማስገባት። ጥላ የሚወድቅበት ቦታ ይገኛል፤ ጠፍጣፋው ሣጥን ቤት ይመስላል።

ማይንክራፍት ውስጥ ደግሞ ወንበር የሚባል ዕቃ የለም። ይህ ጉድለት ትልቅ የፈጠራ ምንጭ ሆኗል። የደረጃ ብሎክ ይቀመጣል፤ ግራና ቀኙ ላይ የወለል በር ቆሞ ይለጠፍና የክንድ ማረፊያ ይሆናል። ያው የወለል በር መስኮት ዳር ሲለጠፍ የመስኮት መከለያ ይሆናል፣ አፈር ዙሪያ ሲቆም የአበባ መደብ ይሆናል። ማንም መመሪያ ላይ አልጻፈውም። ተጫዋቾች ናቸው እርስ በርስ እየተያዩ ያስፋፉት።

የዕቃ ማስቀመጫም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሣጥኖች በየቦታው ተበትነው ቤት አያምርም። በማይንክራፍት ሣጥን ከላዩ ድፍን ብሎክ ካለ አይከፈትም፤ በርሜል ግን ይከፈታል። ስለዚህ በርሜል ግድግዳ ውስጥ፣ ደረጃ ሥር፣ ወለል ውስጥ ይገባል። ድመት ያላቸው ሰዎች ሌላም ምክንያት አላቸው፤ ድመቷ ሣጥን ላይ ከተቀመጠች እስክትነሳ ድረስ ሣጥኑ አይከፈትም። ቢሆንም ድመቷን አታባርሯት። እየፈነዳ ቤት የሚያፈርሰው ክሪፐር ድመት ይፈራል። የመጽሐፍ መደርደሪያም እንዲሁ ሁለት ሥራ አለው፤ 15ቱ መሣሪያ ላይ አስማት የሚጨመርበትን ጠረጴዛ ሲከቡት ጠረጴዛው ሙሉ አቅሙን ይሰጣል። ቤተ መጻሕፍት የሌለው ቤዝ እምብዛም የማይታየው ለዚህ ነው።

ታሪክ ያለው ጌጥ

ከሁሉ የሚበልጠው ጌጥ ተሂዶ የመጣ ጌጥ ነው። ቫልሃይም ውስጥ የተገደለው አውሬ ራስ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በማይንክራፍት የመጀመሪያው የአልማዝ መቆፈሪያ ሊሰበር ሲል ፍሬም ውስጥ ይገባል። በ2023 በ1.20 የመጣው የጥንት ፍለጋ ደግሞ ይህን አሳደገው። ተጫዋቹ አሮጌ ፍርስራሽ ቦታ ሄዶ አሸዋውን በብሩሽ ይጠርጋል፤ ሥዕል ያለበት የሸክላ ስባሪ ያገኛል፤ አራቱን አጋጥሞ ማሰሮ ይሠራል። ማሰሮው አራት ጎን አለው፣ በየጎኑ የተለየ ሥዕል ሊኖረው ይችላል። ቁሳቁስ ሳይሰበሰብ በሚሠራበት የፈጠራ ሞድ ያለ ድካም የተሠራ ግዙፍ ቤተ መንግሥት አያለሁ፣ አደንቃለሁም። እንዲህ ያለ ማሰሮ መስኮቱ ላይ የተቀመጠበት ትንሽ ቤት ግን ይበልጥብኛል።

ሌሎች ሰዎች ሲኖሩ

ራስት በተባለው ጌም ውስጥ ቤት የሚሠራው ሊዘርፉ በሚመጡ ሰዎች መሀል ነው። የውጭ ውበት ትኩረት ይስባል፤ ትኩረት ደግሞ ፈንጂ ያመጣል። ቤቱ እንዳያረጅም በየጊዜው ቁሳቁስ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ተጫዋቾቹ የሚገናኙባቸው ሰርቨሮች በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ዓለሙን ከዜሮ እንዲጀምሩ ይገደዳሉ። እንዲያም ሆኖ ሰዎች ምንጣፍ ያነጥፋሉ፣ ሰሌዳ ላይ በእጃቸው ይሥላሉ፤ ጌሙ ሰሌዳ ላይ መሣል ይፈቅዳል። ሰላማዊ ሰርቨር ላይ ደግሞ ጓደኛሞች አንድ ቤት ይጋራሉ። እዚያ ጠብ የሚነሳው በቀለም ምርጫ ነው። ለየሰው የራሱን ክፍል ሰጥቶ የጋራውን አዳራሽ ተስማምቶ መሥራት ይሻላል።

ቤት መቀየር

ጥሩ ማዕድን ራቅ ብሎ ሲገኝ ብዙዎች ቤዛቸውን ያዛውራሉ። ቫልሃይምና ሰብናውቲካ በዚህ ቸር ናቸው፤ ያፈረስነው ነገር የፈጀውን ቁሳቁስ ሙሉ በሙሉ ይመልሳል። ማይንክራፍት ግን ይለያል። ፍሬምና ሥዕል ሳይጎዱ ይነሳሉ። መስታወት ሲነካ ተሰብሮ ይቀራል፤ የመጽሐፍ መደርደሪያም ፈርሶ ሦስት መጽሐፍ ብቻ ይሰጣል። እነዚህን በሙሉ አካላቸው ለማንሳት ሲልክ ታች የተባለው አስማት ያለበት መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ጓዝ ከመጠቅለሉ በፊት እሱን ማዘጋጀት ነው።