የጡት ካንሰር ታካሚ ሴቶች መደጋገፍ በጎጃም

ጎጃም ውስጥ የጡት ካንሰር የያዛት ሴት ከሌሎች ታካሚዎች እርዳታ የምታገኘው ማኅበር ተመዝግባ፣ መታወቂያ አውጥታ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የምታገኘው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተራ ስትጠብቅ አጠገቧ ከተቀመጠች ሴት ነው። አንዷ ሦስተኛ ኬሞዋን፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቷን፣ ልትወስድ መጥታለች። ሌላዋ ገና መጀመሪያዋ ነው። ከየት መጣሽ ይባባላሉ፤ አንዷ ከሞጣ፣ አንዷ ከዳንግላ። ስልክ ይለዋወጣሉ። ቀጠሯቸው አንድ ቀን ከዋለ በሚቀጥለው ተጠባብቀው ይመጣሉ። ይህ ስብስብ ሰብሳቢ የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ደብተር የለውም። ሥራው ግን ከብዙ ባለማኅተም ድርጅት ይበልጣል።

በሽታው እና መንገዱ

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች በብዛት አንደኛው ነው። ለ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ግምት በአገሪቱ በዓመት ከ16,000 በላይ አዲስ ታማሚዎች እና 9,000 ያህል ሞት ያስቀምጣል። ከአውሮፓ ታማሚዎች ጋር ሲተያዩ የእኛዎቹ ገና ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ በአርባዎቹ ውስጥ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። ልጅ የሚያሳድጉ፣ ገበያ የሚውሉ፣ አረም የሚያርሙ ሴቶች ማለት ነው። ወንዶችም ይያዛሉ፤ ከመቶ አንድ ቢሆን ነው።

አብዛኞቹ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። አንዱ ምክንያት እብጠቱ መጀመሪያ ላይ አለማመሙ ነው። የማያም ነገር ደግሞ ገጠር ውስጥ እንደ በሽታ አይቆጠርም። የምታጠባ ከሆነች ወተት ቋጥሮ ነው ይባላል። ምች ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው የሚልም አይጠፋም። ቅጠል ይታሰራል፣ ጠበል ይኬዳል። ወራት ያልፋሉ። ቆዳው ሲጎደጉድ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ሲገባ ወይም ሲቆስል ነው ጤና ጣቢያ የሚኬደው።

ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይጻፍና ወደ ሞጣ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይኬዳል። ከዚያ ባሕር ዳር፤ እዚያ ፈለገ ሕይወት እና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። የጨረር ሕክምና ከታዘዘ ግን ብዙዋ ዓባይን ተሻግራ አዲስ አበባ ትወርዳለች። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ ጨረር የሚሰጥ ብቸኛው ሆስፒታል ነበር። ሌሎች ከተሞች መጀመር የቻሉት በቅርብ ነው። ወረፋው ወራት የሚወስድበት ጊዜ አለ። ተራዋ ሲደርስ ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን፣ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት መመላለስ ይመጣል። ዘመድ ከሌላት አልጋ ተከራይታ ነው።

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዓባይ በረሃ ጥምዝምዝ ለጤነኛም አይመችም፤ በኬሞ ማግሥት ለሚያስመልሳት ሴት ምን እንደሚሆን አስቡት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ያልፋል። ብዙው ኬሞ በ21 ቀን ልዩነት የሚሰጥ ነው። መንገዱ ግን ቀን አይቆጥርም።

ጥየቃ፣ እድር፣ ወንፈል

ጎጃም መረዳዳት አያንሰውም። ደቦ አለ፣ ወንፈል አለ፣ የጽዋ ማኅበር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ እቁብ እና እድር አለ። ሰው ታመመ ከተባለ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። «እግዜር ይማርሽ» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው።

ችግሩ አብዛኞቹ የተሠሩት ለሌላ ዓይነት መከራ መሆኑ ነው። እድር ለሞት ነው። ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ያስቀቅላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ሴትዮዋ በሕይወት ሳለች የባሕር ዳር ትራንስፖርት ሲጠየቅ ግን ደንቡ ዝም ይላል። የታመመ አባል የሚረዱ እድሮች አሉ፣ ገና ጥቂት ናቸው እንጂ። እኔን ከጠየቃችሁ፣ ለቀብር ከሚወጣው ብር ላይ ቆርሶ ለሕክምና መስጠት አንድ ስብሰባ እና አንድ ቃለ ጉባኤ የሚጨርሰው ጉዳይ ነው።

ጥየቃም ቢሆን ለሁለት ሳምንት ሕመም የሚመች ነው። የጡት ካንሰር ሕክምና ግን ኬሞ፣ ኦፕራሲዮን፣ ጨረር እየተባለ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በሦስተኛው ወር ጠያቂው እየሳሳ ይሄዳል። ከዚህም ሌላ፣ ብዙ ሴት እንዲታወቅባት አትፈልግም። «ዘር ነው ብለው ልጄን የሚያገባት ይጠፋል» ብላ ትፈራለች። በዘር የሚመጣው ከመቶ ከ5 እስከ 10 ያህሉ ብቻ ነው፤ ሐሜት ግን መቶኛ አያውቅም። ስለዚህ «ጨጓራዋን ነው» ይባላል። ጠያቂውም ለጨጓራ ጠይቆ ይመለሳል።

ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ወንፈል ይመስለኛል። የጉልበት ብድር ስለሆነ አያሳፍርም። ጎረቤት እንጀራ ትጋግርላታለች፣ ውኃ ትቀዳላታለች፣ ክረምት ላይ የጤፍ አረም ሲደርስ በእሷ ፈንታ ትሰለፋለች። ሲሻላት ትመልሳለች። ገንዘብ የለበትም፣ በሽታው ምን እንደሆነም አይጠየቅበትም።

ገንዘቡን በተመለከተ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አለ። ሙከራው በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የጎጃሟ ደቡብ አቸፈር ነበረች። መድህኑ ብዙ ቤተሰብ ከብት ከመሸጥ አድኗል። ሪፈሩን ደረጃ በደረጃ ያልጠበቀች ግን ትመለሳለች። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ከጠፋ ደግሞ ከግል መግዛት ነው። በየትኛው መድኃኒት ቤት እንዳለ፣ የትኛው እንደሚያስወድድ መጀመሪያ የሚታወቀው ታካሚዎቹ ዘንድ ነው።

ኮሪደሩ ላይ የሚባለው

ሐኪሙ ጊዜ የለውም። ነርሷም እንዲሁ፣ ውጭ ያለው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ የሕክምናው ግማሽ ትምህርት የሚሰጠው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚነገረው ስለ ቀዩ መድኃኒት ነው፣ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው። «አይዞሽ እታለም፣ ሽንትሽ ቢቀላ ደም አይደለም፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል።» ይህን ሳይነገራት የሄደች ሴት ሌሊቱን በድንጋጤ ታድራለች።

ቀጥሎ ፀጉር ነው። ከመጀመሪያው ኬሞ ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ መርገፍ ይጀምራል። ቀድማ ማሳጠር እንደሚሻል፣ ኬሞው ሲያልቅ እንደሚመለስ ያለፈችበት ሴት ትነግራታለች። ሻሿን አውልቃ አዲስ የበቀለውን የምታሳይም አለች፤ ከዚያ በላይ ማስረጃ የለም። አገር ቤት የተላጨ ራስ የሐዘን ምልክት ነው። ሻሹ ከተነሣ «ማን ሞቶባት ነው» ይመጣል። ሻሹን እንዴት አጥብቆ ማሰር እንደሚቻልም ስለዚህ ከምክሩ ይገባል።

ምግብ ላይ ብዙ ይባላል። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። አጥሚት ይወርዳል፣ ዝንጅብል ሻይ ያረጋጋል፣ አፍ ሲቆስል በርበሬ ይቅር። ጥሬ ሥጋ እና ያልፈላ ወተት በኬሞ ጊዜ አይነካም፤ ነጭ የደም ሴል ስለሚወርድ ኢንፌክሽን ይቀላል። ጾም ሲመጣ ጭንቅ ነው። ብዙዋ ሴት ሐኪም ብሉ ቢላት አትበላም፣ የንስሐ አባቷ ከፈቀዱላት ግን ትበላለች። «ለእኔ አባቴ ፈቅደውልኛል፣ አንቺም ጠይቂ» የሚለው የሌላ ታካሚ ቃል ከሐኪሙ ትእዛዝ በላይ ይሠራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ስለ ትኩሳት ነው። ከኬሞ በኋላ፣ በተለይ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል መሄድ ነው። ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ፣ ተሸፋፍኖ መተኛት ይገድላል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዛ የተመለሰች ሴት ብዙ ይዛ ተመልሳለች።

ጠበልን በተመለከተ ጥሩዎቹ አማካሪዎች አይጣሉም። ግሽ ዓባይም ሆነ ሌላ ቦታ ሂጂ፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጪ፣ ቁስሉ ሳይደርቅ አታስነኪው ይላሉ። ከሐኪሙ ቁጣ ይህ ይሻላል። የሚቆጧት ሴት ጠበሉን አትተውም፤ ሐኪሙን ነው የምትተወው።

ኮሪደሩ የተሳሳተም ያስተላልፋል። «ቢላ ከነካው ይሠራጫል» የሚለው ወሬ ኦፕራሲዮን ያስቀረባት ሴት አለች። «ለእሷ ያልታዘዘ ለእኔ ለምን» የሚለው ንጽጽርም ጉዳት አለው። የጡት ካንሰር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ውጤት ሕክምናውን ይለያያል።

ጡት ከተነሣ በኋላ

እብጠቱ ትንሽ ሳለ ከተገኘ እሱን ብቻ አውጥቶ ጡቱን ማትረፍ ይቻላል። ያ ግን በአብዛኛው ጨረር ይጠይቃል። ዘግይታ ለመጣች፣ ጨረርም ለራቀባት የጎጃም ሴት የሚደረገው ብዙውን ጊዜ ጡቱን በሙሉ ማንሳት ነው። ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ተንጠልጥሎ ወደ ቤት የምትመለስ አለች። ቱቦውን ከውስጥ ልብስ ጋር በመርፌ ቁልፍ ማያያዝን፣ ከላይ ሰፊ ቀሚስ እና ነጠላ ማድረግን ማን ያስተምራታል? ያው የለመደችው።

የብብት ዕጢዎች አብረው ከወጡ ክንድ ሊያብጥ ይችላል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ይመጣል። ለዚህ ነው በዚያ እጅ ቁስል እና ቃጠሎ እንዳይኖር የሚመከረው። ምጣድ ላይ የምትውል ሴት ላይ ይህ ቀላል ምክር አይደለም። እጅን ማንቀሳቀስ ግን ግድ ነው፤ ከተወው ትከሻው ይደርቃል። ግድግዳ ላይ በጣት መውጣት፣ ፀጉር እንደሚያበጥሩ እጅን ከራስ በላይ ማድረስ ከሚታዘዙት እንቅስቃሴዎች መካከል ናቸው። የሚበጠር ፀጉር ባይኖርም እጁ መንገዱን ይልመድ።

ጡትን መልሶ መሥራት ሁለት ዋና መንገድ አለው። አንዱ ሲሊኮን ማስገባት ነው፤ የመጀመሪያው የተደረገው፣ ያኔ ጡት ለማሳደግ ሆኖ፣ በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሂዩስተን ውስጥ ነው። ሁለተኛው ከራሷ ከሆድ ወይም ከጀርባ ሥጋ ወስዶ መሥራት ነው። ጡቱ በተነሣበት ቀን ሊደረግ ይችላል፣ ከዓመታት በኋላም ይቻላል። ጨረር ያረፈበት ቦታ ላይ ሲሊኮን የመጠንከር እና የመቆጣት ዕድሉ ይጨምራል። ሲሊኮኑም የዕድሜ ልክ አይደለም። የተሠራው ጡት መልክ እንጂ የቀድሞውን ስሜት አይመልስም።

ይህ ሁሉ ለብዙዋ የጎጃም ሴት ሩቅ ወሬ ነው። የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ የሚታወቁት ክፍሎችም እንደ የካቲት 12 እና አለርት ያሉት፣ አዲስ አበባ ናቸው። ቅድሚያ የሚያገኘውም ቃጠሎ እና አደጋ ነው። አቅሙ ያላትም ብትሆን አንድ ነገር ብትጠይቅ ጥሩ ነው። ከጀርባ የሚወሰደው ጡንቻ ለመሳብ እና ለማንሳት የሚያገለግል ነው። ከተማ ቢሮ ለምትውል ብዙም አይታወቃት ይሆናል፤ ጀሪካን ወይም እንጨት በጀርባዋ ለምትሸከም ግን ይታወቃታል። እንዲህ ያለውን የሚያነሣው ገጠር የሚኖር ታካሚ እንጂ በራሪ ወረቀት አይደለም።

እስከዚያው ያለው መፍትሔ ጥጥ ነው። ባዘቶ በለስላሳ ጨርቅ ተሰፍቶ ጡት መያዣ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ በደንብ ሳይድን አይደረግም። ችግሩ ባዶ ጥጥ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ መውጣቱ ነው፤ ጥቂት ክብደት ከታች ሲጨመርበት ይቀመጣል። ትልቅ ጡት ለነበራት ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ አንድ ወገን ሲቀል ትከሻ እና ጀርባ ያማል። በሌላ አገር በጥጥ ክር በኪሮሽ እየሠሩ በነጻ የሚያድሉ ሴቶች አሉ። ፈትል የእናት ሙያ በሆነበት አገር ይህ አለመለመዱ ይገርመኛል። ምንም ሳታደርግ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ገበያ የምትወጣም አለች፤ እሷንም ለምን የሚላት ሊኖር አይገባም።

ከዚህ ቀደም የተሠራ

ታካሚ ታካሚን መጠየቅ በሌላው ዓለም መልክ የያዘው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ቴሬዝ ላሰር የተባለች አሜሪካዊት ጡቷ ከተነሣ በኋላ ሌሎች ታካሚዎችን አልጋቸው ድረስ እየሄደች ማነጋገር ጀመረች። ለክንድ እንቅስቃሴ ኳስ እና ገመድ ይዛላቸው ትሄድ ነበር። መጀመሪያ ሐኪሞች አልወደዱላትም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በ2004 እ.ኤ.አ. ተቋቁሟል። አቶ ወንዱ በቀለ በካንሰር ባጡት ሕፃን ልጃቸው ስም የመሠረቱት ነው። ከክልል ለሕክምና አዲስ አበባ የሚሄዱ ታካሚዎችን በማረፊያ ይረዳል። ኤችአይቪ ላይ ደግሞ እንደ መቅድም እና ተስፋ ጎህ ያሉ የታማሚዎች ማኅበራት ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ፊት ለፊት ወጥተው ተናግረዋል። ጡት ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ ጎጃም ውስጥ ገና አልተሰማም።

አንዱ ምክንያት ኮሪደሩ ራሱ ነው። ኬሞ ስታበቃ ሴትየዋ ቀጠሮዋ ይራራቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀራት፣ ዕጢዋ ከሆርሞን ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ታሞክሲፌን የሚባል ክኒን ነው። በቀን አንድ ፍሬ፣ ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴ ለ10። ብዙ የምታውቀው ሴት አግዳሚው ላይ የለችም ማለት ነው። የምትገኘው በስልክ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ታሞክሲፌን ሲጠፋ ባሕር ዳር ላለችው ደውላ «እዚያ አለ ወይ?» ስትል።