«ዓላማችን በጎ ነው» ማለት የማይሸፍናቸው ነገሮች፦ ስለ አገር በቀል የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አመራር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ለተቸገረ ወገን የሚሠራ ሰው ሰዓት አይቆጥርም»

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ወስኖታል። የመስክ ሠራተኛዋ በዕረፍት ቀኗ ሥልጠና ስትሰጥ ከዋለች የሰዓት ክፍያዋ እጥፍ ነው፤ በሕዝብ በዓል የትርፍ ሰዓት ሥራ ከሆነ ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ። የውሎ አበል ይህን አይተካም፣ እሱ ለምግብና ለመኝታ ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን ስለማይመለከት የእነሱ ጉዳይ በውላቸው ላይ ይስፈር። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ፕሮፖዛል (ለለጋሽ የሚቀርበው የገንዘብ ጥያቄ) ሲጻፍ ነው፤ በጀቱ ላይ ለትርፍ ሰዓት ምንም ካልተያዘ ሥራው ሲበዛ ዕዳው በሠራተኛው ላይ ይወድቃል።

«ታይምሺት ለዶነር ተብሎ የሚሞላ ወረቀት ነው»

ከሁሉም በላይ ድርጅትን የሚጎዳው ይህ አመለካከት ነው። ታይምሺት ሠራተኛው ለየትኛው ፕሮጀክት ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚመዘግብበት ቅጽ ነው፤ ዶነር ደግሞ ገንዘቡን የሚሰጠው ለጋሽ። የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ከሁለት ፕሮጀክቶች 60 እና 40 በመቶ ይከፈላል እንበል። በየወሩ መጨረሻ ያው 60/40 ይገለበጣል፤ ሰውየው ግን ሦስቱን ሳምንት የሠራው ለሁለተኛው ፕሮጀክት ነበር። ኦዲተሩ ታይምሺቱን ከመኪና ስምሪት መዝገብና ከፈቃድ ቅጽ ጋር ሲያስተያይ ልዩነቱ ይወጣል። ለጋሹም ወጪውን አልቀበልም፣ ገንዘቡን መልሱ ይላል። ያኔ የሚጠየቀው «እንዲህ ሙላ» ያለው አለቃ ሳይሆን የፈረመው ሠራተኛ ሲሆን ግልጽ በደል ነው። ስለዚህ ሠራተኛው የሠራውን በዕለቱ ይመዝግብ፣ የቅርብ ኃላፊው በየሳምንቱ ይፈርም፣ ፋይናንስ ክፍሉ በየሩብ ዓመቱ ከበጀቱ ጋር ያመሳክር። ልዩነት ከታየ የደመወዝ ድርሻው ይስተካከል፤ የበጀት ለውጥ የሚጠይቅ ከሆነ ለለጋሹ አስቀድሞ ይጻፍ።

«ደመወዝ ሁሉ አስተዳደራዊ ወጪ ነው»

አይደለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ሲደነግግ ከፕሮጀክት ተግባር ጋር ያልተያያዘውን ማለቱ ነው፤ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያና የመሳሰለውን። ፕሮጀክቱን መስክ ላይ የምታስፈጽም ነርስ ደመወዝ እዚያ ውስጥ አይገባም። «20 በመቶው አይፈቅድልንም» ብሎ የሰው ሀብት ባለሙያ ሳይቀጥሩ ከመቅረት በፊት ወጪዎቹ በትክክል መመደባቸውን ማየት ያስፈልጋል።

«ቅሬታ ላለው የዳይሬክተሩ በር ክፍት ነው»

ቅሬታው በራሱ በዳይሬክተሩ ላይ ሲሆንስ? በቦርድ በሚመራ ድርጅት የበላዩ አካል ቦርዱ ነው። ቦርዱ የሚሰማው የዳይሬክተሩን ሪፖርት ብቻ ከሆነ ግን ስለ ችግሩ የሚያውቀው ሠራተኞች ከለቀቁ በኋላ ነው። ቅሬታ የሚቀበል አንድ የቦርድ አባል ይሰየም፣ ስልኩም ሠራተኛው በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። በየመደበኛ ስብሰባው 30 ደቂቃ ዳይሬክተሩ በሌለበት ይያዝ። ስንት ሰው ለቀቀ፣ ከየትኛው ክፍል፣ ስንት ወር ቆይቶ የሚለውም ይቅረብ፤ ከአንድ ኃላፊ ሥር በተከታታይ ሦስት ሰው ሲሄድ ደመወዝ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። የወሲብ ትንኮሳ አቤቱታ በተከሳሹ ዕዝ ሥር ባለ ሰው አይጣራ፤ አቤት ያለችውንም «ለደኅንነቷ» ተብሎ ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ ማዛወር አይገባም። ማጣራቱ እስኪያልቅ ቦታ መልቀቅ ያለበት ተከሳሹ ነው።